አክሱም፣ 17 ሳንቲሜትር

በ1936 የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኢጣሊያ ወደቦች የአንድ አዲስ ምድብ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ውኃ መግባት ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሌላ ካልተባለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያዋ ስም «ዓድዋ» ነበር። በሁለት ሳምንት ልዩነት «አክሱም» ተከተለች። ከዚያ «መቀሌ»፣ «ጎንደር»፣ «ደሴ»፣ «ተንቤን»፣ «ሽሬ»፣ «ነገሌ»፣ «ደገሃቡር»፣ «አላጌ» እያለ ዝርዝሩ ቀጠለ። ዓይነታቸው አንድ የሆነ 17 ሰርጓጆች ተሠሩ፤ አብዛኞቹም የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የሶማሊያን ቦታዎች ስም ተሸከሙ። በ1888 ዓ.ም. የተሸነፉበትን ተራራ ስም በጦር መሣሪያ ላይ መለጠፍ ለፋሺስቱ መንግሥት የበቀል መዝጊያ ነበር።

ከእነዚያ 17 መርከቦች ከጦርነቱ የተረፈችው «አላጌ» ብቻ ናት። ሌሎቹ በቦምብ፣ በቶርፒዶ፣ ከጠላት መርከብ ወይም ከድንጋይ ጋር በመላተም ወይም በገዛ ባለቤቶቻቸው እጅ ሰጠሙ። ዛሬ በአብዛኛው የሚገኙት በፎቶግራፍ፣ በፕላን ወረቀትና በሞዴል ነው። በተለይ «ሽሬ» በታኅሣሥ 1941 እስክንድርያ ወደብ ደጃፍ ድረስ ጠላቂ ወታደሮችን አድርሳ ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች እንዲጎዱ ስላደረገች፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሞዴል ሠሪዎች አብዝተው ከሚሠሯቸው የኢጣሊያ ሰርጓጆች አንዷ ሆናለች። ስለዚህ ሽሬን በካርታ ላይ ማሳየት የማይችል ሰው «ሽሬ»ን ከነመቅዘፊያዋ በጠረጴዛው ላይ አኑሯታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለመግደል የተሠራን ነገር፣ ያውም የእኛን ስም ነጥቆ የተሰየመን ነገር፣ በትዕግሥትና በጥንቃቄ አሳምሮ መሥራት ምን ዓይነት ተግባር ነው? ማክበር ነው ወይስ መመስከር?

ጥያቄው ከዱራሜ ሲነሣ ክብደቱ ይጨምራል። ዱራሜ ከሐምበሪቾ ተራራ አጠገብ ያለች የከምባታ ከተማ ናት፤ ባሕር አትዋሰንም። ነገር ግን ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባሉት የሐድያና የከምባታ ከተሞች መጽሐፍ ቅዱስን በምዕራፍና በቁጥር የሚጠራ ምእመን ሞልቷል፤ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳም ምስል አይበዛበትም። ምስል መሥራት እዚያ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዘፀአት ምዕራፍ 20 ያለው ትእዛዝ በላይ በሰማይ፣ በታች በምድር፣ ከምድርም በታች በውኃ ያለውን ነገር ምሳሌ ሠርቶ መስገድን ይከለክላል። ጠበቅ አድርጎ የሚያነብ ሽማግሌ ከሞዴሉ ፊት ቆሞ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ያው መጽሐፍ ግን ከአምስት ምዕራፍ በኋላ የሚያስገርም ነገር ይዞ ይመጣል። ሙሴ በተራራው ላይ የማደሪያው ድንኳን ምሳሌ ይታየዋል፤ ሳያዛንፍም እንደዚያው እንዲሠራ ይታዘዛል። ታቦቱ ሁለት ክንድ ተኩል ርዝመት፣ አንድ ክንድ ተኩል ወርድ፣ አንድ ክንድ ተኩል ቁመት ይሁን ተባለ። መጋረጃው፣ ሳንቃው፣ ቀለበቱ፣ መወርወሪያው ሁሉ በቁጥር ተሰፈረ። በመጀመሪያው ዜና መዋዕል ምዕራፍ 28ም ዳዊት ለሰሎሞን የቤተ መቅደሱን ንድፍ ሲያስረክብ የእያንዳንዱ መቅረዝ ወርቅ በሚዛን ተመድቦ ነበር። የኖኅ መርከብም 300 በ50 በ30 ክንድ ናት፤ ርዝመቷ የወርዷ ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። «አክሱም» 60 ሜትር ገደማ ርዝመትና ስድስት ሜትር ተኩል ያህል ወርድ ስለነበራት ከዘጠኝ እጥፍ ትበልጣለች። የኖኅ እንድትንሳፈፍ ብቻ፣ «አክሱም» ደግሞ ውኃ ሰንጥቃ እንድታሳድድ መሠራታቸው ከቁጥሩ ይነበባል።

አሁን የወርቅ ጥጃውን ታሪክ በዘፀአት 32 ማየት ነው። ስለ ጥጃው የተጻፈ አንድም ልክ የለም። ርዝመቱ ስንት ክንድ ነው? አይታወቅም። ወርቁ ከሕዝቡ ጆሮ መሰብሰቡ፣ መቅለጡ፣ ዘፈኑና ጭፈራው ተነግሯል፤ ልኩ ግን አልተነገረም። አሮን ራሱ ሲጠየቅ ወርቁን እሳት ውስጥ እንደጣለውና ጥጃው እንደወጣ አድርጎ መለሰ። ሠሪው እጁን ያሸሸበት፣ ማንም ለክቶ ትክክል ነው ወይም ተሳስቷል ሊለው የማይችል ነገር ነበር። ጣዖት የሚመቸው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ልክ ያለው ነገር በሠሪው ፍላጎት አይለጠጥም። የምትወደውን መርከብ ጥቂት አርዝመህ፣ የምትጠላትን ጥቂት አሳጥረህ ልትሠራ ብትሞክር ማስመሪያው ያጋልጥሃል።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሞዴል ሠሪዎች አዘውትረው ከሚጠቀሙባቸው ስኬሎች (የማሳነሻ ልኮች) አንዱ 1 ለ350 ነው። በዚህ ስኬል «አክሱም» 17 ሳንቲሜትር ከጥቂት ሚሊሜትር ትሆናለች። አንድ ሜትር ከሰባ አምስት የሆነ መርከበኛ አምስት ሚሊሜትር ይደርሳል። አንድ ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የመደገፊያ ገመድ ግን 0.03 ሚሊሜትር ሊሆን ነው፤ ከሰው ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስለማይቆም ሠሪው ወይ አወፍሮ ይሠራዋል ወይ ይተወዋል። ቀለሙም እንዲሁ ያስቸግራል፤ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለም በእውነተኛዋ መርከብ ላይ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ልስን እንደማለት ነው። ስለዚህ ፍጹም ትክክል የሆነ ሞዴል የለም። ሐቀኛ ሠሪ የት ላይ እንዳወፈረና ምን እንደተወ ያውቃል፤ ሲጠየቅም ይናገራል።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ጥበብ ባዕድ አይደለም። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች እኮ የፎቅ ቤት ምስሎች ናቸው። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉ ሆነው የማይከፈት በር፣ የማይታይባቸው መስኮቶች፣ ከግድግዳ የወጡ የሚመስሉ የእንጨት ጫፎች፣ በሩ ላይም መዝጊያው ጭምር ተቀርጾባቸዋል። ጠራቢው ቤቱን ባያውቀው ኖሮ የእንጨት ጫፉን እዚያ ቦታ ላይ አያስቀምጥም ነበር። ከእንጨትና ከድንጋይ የተሠሩት ቤቶች ሲፈርሱ የድንጋዩ ምስል ምስክር ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ የአክሱም ሕንፃዎች ምን ይመስሉ እንደነበር ከምንረዳባቸው ማስረጃዎች አንዱ እሱ ነው። ኢጣሊያም በ1937 ከእነዚህ አንዱን፣ 24 ሜትር የሚሆነውን፣ ሮም ወስዳ አቆመችው። በ1936 ስሙን ለሰርጓጅ መርከብ፣ በ1937 ሐውልቱን ለአደባባይ። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ገብቶ በ2008 ዳግም ቆመ። ሰርጓጇ «አክሱም» ግን በነሐሴ 12 ቀን 1942 በአንድ ጊዜ በለቀቀቻቸው ቶርፒዶዎች ሦስት የእንግሊዝ መርከቦችን መትታ ስሟ ከገነነ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1943 በግሪክ ጠረፍ በራሷ ሰዎች እንድትሰጥም ተደረገች። በዚያው በነሐሴ 12 ቀን «ደገሃቡር»ን አንዲት የእንግሊዝ የጦር መርከብ በአፍንጫዋ ገጭታ ከነሠራተኞቿ አስጥማታለች።

ልክ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ይህን የሚያስጠነቅቀን ያው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሙሴ የናሱን እባብ የሠራው ታዝዞ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ሕዝቡ ያጥንለት ስለጀመረ ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው፤ በሁለተኛው ነገሥት ምዕራፍ 18 ተጽፏል። በትእዛዝ የተሠራው ነገር እንኳ በአያያዙ ጣዖት ሆነ። ስለዚህ ጥያቄው አሠራሩ ላይ አያበቃም፤ ከተሠራ በኋላ በምን ዓይን ይታያል የሚለው ይቀራል።

ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ የራሳችን መርከብ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ሲቋቋም የኖርዌይ መኮንኖች በአሠልጣኝነት ረድተውት ነበር። ትልቋ መርከቡ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት በ1942 ውኃ የገባችው «ኦርካ» በሚል ስም ነው። በፓስፊክ ጦርነት ጊዜ በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ስታገለግል ቆይታ፣ በጥር 1962 ለኢትዮጵያ ተሰጥታ በምፅዋ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ከሌሎቹ ጋር ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉ ራሱ በ1996 ፈረሰ፤ እንደገና የማቋቋም ሐሳብ በ2018 እስኪነሣ ድረስ ብዙ ወጣት አገሩ ባሕር ኃይል እንደነበራት እንኳ ሳይሰማ አደገ።

«ኢትዮጵያ»ን በ1 ለ350 መሥራት የሚፈልግ ሰው 27 ሳንቲሜትር የሚሆን እንጨት ይበቃዋል። ከእንጨቱ በፊት ግን አንድ ነገር መወሰን አለበት፤ የየትኛውን ቀን መርከብ ነው የሚሠራው? የ1944ቷ «ኦርካ» የአሜሪካ ሰንደቅና ቁጥር አለባት። የ1962ቷ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ታውለበልባለች። የ1991ዷ የሸሸች መርከብ ናት፤ የ1993ቷ ዝገት ናት። ቀለሙ፣ ሰንደቁ፣ በፊት ጎኗ ያለው ቁጥር ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ የሁሉም ቀን የሆነ ሞዴል መሥራት አይቻልም። አብዛኛው ሰው መርከቧ አምራ የተሰለፈችበትን ቀን ይመርጣል። ያስደስታል፤ ሐሰትም አይደለም። ሆኖም የሰልፉ ቀን ብቻ ደጋግሞ ሲሠራ፣ የሽሽቱና የሽያጩ ቀን ሁልጊዜ ሲቀር፣ ልኩ ትክክል የሆነው መርከብ ወደ ወርቅ ጥጃው መጠጋት ይጀምራል።

ስዊድኖች በዚህ ረገድ ሊደነቁ ይገባቸዋል። «ቫሳ» የተባለችው የንጉሣቸው የጦር መርከብ በነሐሴ 10 ቀን 1628 የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀምራ 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ አጋደላትና በከተማው ሕዝብ ፊት ሰጠመች። በ1961 አወጧት። በስቶክሆልሙ ሙዚየም ከዋናዋ ጋር በ1 ለ10 የተሠራ ባለቀለም ሞዴል ቆሟል። ሞዴሉ የክብሯን ቀን ያሳያል፤ ጎኗ የቆመችው ጠቋራ እንጨት ደግሞ የውርደቷን። ሁለቱ አንድ አዳራሽ ውስጥ በመሆናቸው ተመልካቹ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይችልም። በዴንማርክ፣ በኖርዌይና በስዊድን የሉተራን አብያተ ክርስቲያናትም የመርከብ ሞዴሎች ከጣሪያ ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ከእነሱም የጦር መርከቦች አሉ። ከባሕር ለተረፈ ሰው የተሰጠ ስእለት ወይም ላልተመለሰ ሰው መታሰቢያ ነው። ከዚያው አካባቢ ከመጡ ሚሲዮኖች ጋር ዝምድና ያላት መካነ ኢየሱስ ግን ይህን ልማድ አልወሰደችም። ጥሩ አደረገች፤ ባሕር የማያውቅ ምእመን ከራሱ በላይ የተሰቀለ መድፍ ሲያይ ስለ መርከበኛው መጸለዩን ማን ያረጋግጣል?

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ማሳነስ ራሱ ሥቃይን ያጠፋል። ከላይ ሆኖ 17 ሳንቲሜትር የሚያይ ሰው በኢሳይያስ ምዕራፍ 40 ፈጣሪ የምድርን ነዋሪዎች ከሚያይበት ከፍታ ላይ ይቀመጣል፤ ያ ደግሞ የሰው ወንበር አይደለም። በእነዚያ ሰርጓጆች ውስጥ ወደ 45 የሚሆን ሰው ታጭቆ ይኖር ነበር። «መቀሌ» በሰኔ 1940 ቀይ ባሕር ላይ ሳለች ከማቀዝቀዣዋ ያፈተለከ ሜቲል ክሎራይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሠራተኞቿን አእምሮ አሳታቸው። መርከቧ መንገድ ስታ በሱዳን ጠረፍ ካለ የኮራል ድንጋይ ጋር ተላተመች፤ ከመርከበኞቹ አንዱ እዚያው ባለች ደሴት ላይ ሞቶ እዚያው ተቀበረ፤ አፅሙ አገሩ የገባው በ2018 ነው። የትኛውም ሞዴል ጋዙን አያሳይም። ፕላኑም ላይ የለም።

ይህ ተቃውሞ ሙሉ መልስ የለውም፤ የሚቻለው ሞዴሉ የማይናገረውን አጠገቡ መጻፍ ነው። ብዙ ሠሪዎች ከመቆሚያው ሥር ስም ብቻ ያለበት ሰሌዳ ይለጥፋሉ። «አክሱም» ብሎ ማቆም ግን ነጣቂው ያለውን ደግሞ ማለት ነው። ስሙን ፍቆ መሠወርም አያዋጣም፤ መርከቧ በዚያ ስም ነው የዘመተችውና። ሰሌዳው ላይ ስሙ ከማን በስንት ዓመት እንደተወሰደ፣ ማንን እንደመታች፣ የት እንደሰጠመች ይጻፍ። «ኢትዮጵያ» ላይም በ1942 «ኦርካ» ተብላ ውኃ መግባቷ፣ ከ1962 ጀምሮ በምፅዋ ማገልገሏ፣ በ1993 በየመን መሸጧ ይጻፍ። በዱራሜ እንዲህ ያለ ሞዴል የሚሠራ ወጣት ቢነሣ የሥራው ቦታ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢሆን ይሻላል፤ እዚያ ማንኛውም ተማሪ ማስመሪያውን አውጥቶ፣ ለክቶ፣ በ350 አባዝቶ፣ ተሳስተሃል ሊለው ይችላል።