ፈቃዱ የማን ምስክርነት ነው?

የሰው ገመና ማውጣት ስለማይገባ ዛሬ የማወጣው የራሴን ነው።

አምበር የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ደጀንንና ሉማሜን አልፎ ያገኛታል፤ እንቅልፍ ከወሰደው ደግሞ ሳያያት ያልፋል። እኔ እዚያ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳስፈትን አንድ ልጅ እጅጌው ውስጥ አጤሬራ ደብቆ ያዝኩት። ወረቀቱን ቀማሁትና ዜሮ እንደምሰጠው ነገርኩት። ልጁ አላለቀሰም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። አንገቱን ደፍቶ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ሲማሩ ኮርጀው አያውቁም?» አለኝ።

«ዝም በል!» አልኩት። መምህር መልስ ሲያጣ የሚለው ይህንኑ ነው።

መልሱማ ነበረኝ። ለዲግሪዬ የተማርኩት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የክረምት መርሃ ግብር ነው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዲፕሎማ ሳስተምር ቆይቼ በ2006 ዓ.ም. ገባሁ፤ አምስት ክረምት ተመላልሼ በ2010 ዓ.ም. ተመረቅሁ። ክረምት ለመምህር የእረፍት ጊዜ ይመስላል እንጂ ለእኛ የጭቃና የዶርም ወቅት ነበር፤ በሁለት ወር የአንድ መንፈቅ ዓመት ትምህርት ተጠቅጥቆ ይሰጣል፣ ቤት የቀሩት ልጆች ደግሞ በስልክ ይናፍቃሉ። ይህን ሁሉ በላቤ ተምሬዋለሁ። ፈተናዬንም በራሴ ሠርቻለሁ። መጨረሻ ላይ የቀረችኝ የተግባር ምርምር የምትባለው የመመረቂያ ጽሑፍ ነበረች። መምህሩ በራሱ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ችግር መርጦ፣ መንስኤውን አጥንቶ፣ መፍትሔ ሞክሮ፣ ውጤቱን መጻፍ አለበት። በዚያ ዓመት አባቴ ታመው ነበር። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው የኮምፒውተር ቤት ደግሞ የተዘጋጀ ጽሑፍ ይሸጣል። ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ፤ ልጁ የትምህርት ቤቱን ስም ለውጦ የእኔን ስም ሽፋኑ ላይ ጻፈበት። አማካሪዬ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ፈረመ። አለቀ።

ያን ጊዜ ነገሩ የደረጃ ዕድገት ጉዳይ ብቻ ነበር። ዛሬ ክብደቱ ሌላ ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው በንጉሡም በደርግም ዘመን ትምህርት ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተብሎ የተከፈለ ሲሆን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ይባሉ ነበር። የ1986ቱ ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ያለውን ሁሉ አንደኛ ደረጃ አደረገውና ለላይኛው እርከን መምህር ዲፕሎማ በቂ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ የድሮውን አከፋፈል መልሶ አመጣና ሁለቱን ክፍሎች «መካከለኛ ደረጃ» አላቸው፤ መምህሩም የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖረው ተፈለገ። በዚህ ላይ የሙያ ፈቃድ ምዘና አለ። ምዘናው ሁለት ክንፍ አለው፤ አንዱ የጽሑፍ ፈተና ነው፣ ሁለተኛው ማህደረ ተግባር የሚባለው መምህሩ የሠራውን የሚያሳይ ስብስብ ነው። እንግዲህ ያቺ የሦስት መቶ ብር ወረቀት ከሥር ተቀምጣ ዲግሪው በላይዋ፣ ፈቃዱ በዲግሪው ላይ ሊቆም ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄዬ የሚጀምረው። ለራሴ ብዙ ጊዜ የምሰጠው ምክንያት እንዲህ የሚል ነበር፦ እኔ ማስተማር እችላለሁ። ወረቀቱ የሚለው «ይህ ሰው ማስተማር ይችላል» ነው። የሚለው እውነት ከሆነ ታዲያ ውሸቱ ምኑ ላይ ነው? ከእኔ ይልቅ ሁሉን በትክክል ሠርቶ፣ ክፍል ሲገባ ግን ልጆቹን የሚያፈዝ ሰው አይብስም? በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም፤ እኔን ለዓመታት አስተኝቶኛል።

ያነቃኝ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። አባቴና እኚህ የቅኔ መምህር የነበሩ መሪጌታ በሃይማኖት ቢለያዩም ቡና አይለያዩም ነበር። ጎጃም፣ እነ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉበት የቅኔ አገር ስለሆነ፣ እሳቸውም ወጣትነታቸውን በቆሎ ተማሪነት ነው ያሳለፉት። የመመረቂያ ፎቶዬን አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ አይተው፣ «ማን መረቀህ?» ብለው ጠየቁኝ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ነገርኳቸው። «እሱስ ቤት ነው፤ ቤት አይመርቅም። አፉን ከፍቶ የመረቀህ ማን ነው ያልኩህ» አሉኝ። ሳቅን። በኋላ ግን ቃሉ አልለቀቀኝም። በቋንቋችን «ተመረቀ» ማለት እኮ ምርቃት ተቀበለ ማለት ነው። ከደጁ ዓመታት የቆየበት፣ ድካሙንና ስንፍናውን ያየ መምህር «ልጄ፣ አሁን ሂድና አስተምር» ይለዋል።

በእኛም ቤት ነገሩ ይኸው ነው። ወሎ ውስጥ እንደ ዳናና ጌታ ባሉ የዒልም ማዕከሎች ደረሳው ኪታቡን ከሸሁ ፊት ቁጭ ብሎ ይቀራል፤ ኢጃዛም የሚሰጠው እሱን ያስቀራው ሰው ነው፣ ያንን ሰው ደግሞ ያስቀራው ሌላ ሰው አለ። እኔ ልጅ ሆኜ ቁርአን ያስቀሩን ሸኽ ሉሁን አጥበን አዲስ እንድንጽፍ የሚፈቅዱት የቀደመውን በቃላችን ካሰማናቸው በኋላ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ከጀርባዬ ሆኖ እየጠቆመኝ ጨረስኩ። ሸኹ አልተቆጡም። «አሁን የሰማሁት የማንን ነው?» ብቻ አሉኝ።

የቀድሞውን ሥርዓት እንከን የለሽ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። በአንድ ሰው ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ መምህሩ የጠላውን ሊያስቀር፣ የወደደውን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ሴት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከደጁም አይደርሱም ነበር። ለሚሊዮኖች ትምህርት ቤት የሚከፍት መንግሥት እያንዳንዱን መምህር አጠገቡ ተቀምጦ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ወረቀት ግድ ነው። ነገር ግን ወረቀት ግድ የሆነው ያዩ ሰዎች ያዩትን ለማያዩ ሰዎች እንዲናገርላቸው ነው። የእኔ ወረቀት «እችላለሁ» ብቻ አይልም፤ «ይህ ሰው የክፍሉን ችግር ሲመረምር አይተነዋል» ይላል። ይህን ያየ ማንም የለም። ችሎታዬ እውነት ቢሆንም ምስክርነቱ ሐሰት ነው።

ምስክርነቱ የሚጠቅመው ማንን ነው? አምበር ገበያ ጤፍ ሸጦ ለልጁ ደብተር የሚገዛው ገበሬ እንግሊዝኛዬን ሊፈትን አይችልም። ከእኔና ከአጭበርባሪ መሃል የሚለይለት ያ ወረቀት ብቻ ነው። እሱ ልጁን አማና ብሎ ሰጥቶኛል። በዚያ ክረምት ያችን ጽሑፍ እንቅልፍ አጥቶ በራሱ የሠራ ጓደኛም ነበረኝ፤ የእሱና የእኔ ወረቀት ዛሬ እኩል ዋጋ አላቸው። ማለትም የእሱን አርክሼበታለሁ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ እኛ መምህራን በተማሪዎቹ ላይ ብዙ አውርተን ነበር። እኔም አውርቻለሁ።

የደመወዙ ጉዳይ ሲያስጨንቀኝ አንድ ዓሊም ዘንድ ሄድኩ። «ሥራውን ትሠራለህ?» አሉኝ። «እሠራለሁ።» «ታውቀዋለህ?» «አውቀዋለሁ።» «እንግዲያው ለሥራህ የምታገኘው ዋጋ ሌላ ነው፣ ውሸትህ ሌላ ነው። ለውሸቱ ተውበት አለብህ። ያጎደልከውን ግን ሳትሞላ ተውበት አልኩ አትበል» አሉኝ። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ የዕውቀት ክፍል የመምህርን ግዴታዎች ሲዘረዝሩ መምህሩ ባወቀው የሚሠራ እንዲሆን መጠየቃቸውንም አስታወሱኝ፤ እኔ የምርምር ዘዴ ኮርስ ላይ ጥሩ ውጤት ያመጣሁ ሰው ነኝ።

ያጎደልኩትን ለመሙላት አንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። የመረጥኩት ርዕስ የገዛ ክፍሌ ተማሪዎች ለምን እንደሚኮርጁ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መክረማቸውን አንባቢ ያውቃል፤ ብዙ ልጆች ወራትና ዓመታት አምልጠዋቸዋል። ኮርጀው የያዝኳቸውን አንድ በአንድ እየጠራሁ ጥያቄውን ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ አደረግሁ። አብዛኞቹ መልሱን ስላላጠኑ አልነበረም የኮረጁት፤ ጥያቄውን ማንበብ አይችሉም ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ያሳለፍኳቸው ልጆች ናቸው። ያን የእጅጌውን ልጅ ጨምሮ ለዘጠኙ ከትምህርት በኋላ ንባብ ማስተማር ጀመርኩ። የጻፍኩት ሃያ ሰባት ገጽ ደረሰ፤ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ማንም አልፈረመበትም። ለዲግሪው ሰጪዎች ወስጄ እውነቱን ልንገራቸው ወይስ አላህ የሸፈነውን ልሸፍን የሚለውን እስካሁን አልወሰንኩም፤ ልጆች አሉኝ፣ ፈቃዱም እንጀራዬ ነው።

ለልጁ ግን መልስ ነበረበኝ። አንድ ቀን ንባቡን ጨርሶ ደብተሩን ሲሰበስብ፣ «ያን ጊዜ የጠየቅኸኝን አልመለስኩልህም። አዎ፣ ኮርጄ አውቃለሁ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ «ለእርስዎስ ዜሮውን ማን ሰጠዎት?» አለኝ።