ሰማያዊውን ፖስታ ራሳችሁ ክፈቱት

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዘ ሄግ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ትናንት ከስደተኞች ካምፕ የወጣውን አይመለከተውም። የምናገረው አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጣችሁ ቤታችሁን ዛሬም በልጅ አፍ ለምታስተዳድሩት ነው።

ከግብር መሥሪያ ቤት ሰማያዊው ፖስታ ሲመጣ ማን ይከፍተዋል? የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ደብዳቤውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች። የቤት ኪራይ ድጎማው ከሚገባው በላይ ስለተከፈለ ይመለስ ይላል። የገንዘቡን ልክ ለእናቷ የምትነግራት እሷ ናት፤ የእናቷ ፊት ሲለዋወጥ የምታየውም እሷ ናት። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ስለ ዕዳ ታስባለች። ሐኪም ቤት ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጅ ከክፍል ቀርቶ በእናቱና በሐኪሙ መካከል ይቀመጣል። ሐኪሙ ስለ ደም መፍሰሷ የጠየቀውን ልጁ ለመናገር ያፍራል፤ እሷም ለልጇ ለመመለስ ታፍራለች፤ ሐኪሙ በግማሽ መልስ መድኃኒት ያዝዛል። ይህ ነውር ነው፤ አደጋም ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የትምህርት ቤቱ ነው። በሆላንድ የልጅ መንገድ የሚለየው ገና በ12 ዓመቱ ገደማ፣ በአንደኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል በግሩፕ 8 ነው፤ ወደ ሙያ የሚያመራው ፌኤምቤኦ፣ መካከለኛው ሃቮ ወይስ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ፌዌኦ የሚለው እዚያ ይመከራል። በዚያ ስብሰባ አስተማሪዋ ስለ ልጁ ድክመት ስትናገር የሚያስተረጉመው ራሱ ልጁ ነው። ቢያለሳልሰው አትውቀሱት፤ በራሱ ጉዳይ ተከሳሽም አስተርጓሚም አድርጋችሁ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። አስተማሪዋን ልትሞግቷት በሚገባችሁ ሰዓት ላይ አንገታችሁን እየነቀነቃችሁ ትወጣላችሁ።

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በ8 ደረጃ ከፍሎ ነበር። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ዕድሜ ልጅ አቅሙ በሚፈቅደው ሥራ እየተሳካለት መቻሉን የሚያምንበት ጊዜ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት የሚተርፈው የበታችነት ስሜት ነው። ወላጆቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። በገጠር ልጅ መጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ በግና ፍየል፣ ጡንቻው ሲጠነክር በሬ ይጠምዳል። ጥጃ ጠባቂውን ዕርፍ የሚያስይዝ አባት መንደሩ ይገሥጸው ነበር። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያላችሁ ያደጋችሁ ሰዎች፣ የቤታችሁን ሊጥ በሙሉ ለልጅ ሰጥታችኋል።

ልጅ ይርዳ፤ ቡና ያቅርብ፣ ታናሹን ይያዝ፣ አያቱን ይደግፍ። ሃንጋሪ የተወለደው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኢቫን ቦሶርሜኒ ናጊ፣ ትምህርቱ በሆላንድ የቤተሰብ አማካሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደለት ሰው፣ ልጅ ለወላጁ መስጠቱን ራሱን አልነቀፈም። የሚጎዳው ሸክሙ ከዕድሜው ሲበልጥና ለሰጠው ምስጋና ሲነፈግ ነው አለ። ያልተከፈለው ዕዳ አይጠፋም፤ ልጁ ሲያድግ ከትዳር ጓደኛው ወይም ከገዛ ልጆቹ ይጠይቀዋል። እናንተስ ስንቱን አመሰገናችሁ? «የልጄ ደች እንደ ውኃ ነው» ብላችሁ በቡና ላይ ትኩራራላችሁ እንጂ!

በ16 ዓመቱ ደግሞ ያው ልጅ «ለምን?» ሲላችሁ ባህል ተደፈረ ብላችሁ ትጮኻላችሁ። በዘጠኝ ዓመቱ ሥልጣናችሁን በእጁ ያስጨበጣችሁት እናንተ ናችሁ። ወደ መንግሥት ድረ ገጽ የምትገቡበትን የዲጂዲያችሁን የምስጢር ቁጥር ያውቃል፣ በስማችሁ ቅጽ ይሞላል፣ ዕዳችሁንና ሕመማችሁን ተሸክሟል። ኤሪክሰን፣ ልጅ «ራሴን ማን ልበል?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ያለው ይህን ዕድሜ ነው። ልጃችሁ ግን እናንተን ሲመራ ስለኖረ ራሱን የሚፈልግበት ፋታ አላገኘም። በዚያው መጽሐፍ ለጎልማሳ የተመደበው ደረጃ ተከታዩን ትውልድ መንከባከብ ነው፤ ይህን የሸሸ ባለበት ይደርቃል።

ሰበባችሁን አውቃለሁ። ሌሊት ቢሮ ታጸዳላችሁ፣ ቀን ትደክማላችሁ። የሆላንድ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕክምና አስተርጓሚ ይከፍል የነበረውን ገንዘብ ማቋረጡ እውነት ነው፤ ጭካኔ ነበር። ያ ግን መንግሥት የጣለውን ሸክም አንሥታችሁ ልጅ ላይ እንድትጭኑ ፈቃድ አይሆናችሁም።

በሦስቱም ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመንግሥትን ድረ ገጽና ቅጽ የሚያስረዳ ሰው በነፃ ይቀመጣል፤ ደች ለመለማመድም የጎልማሶች ቡድን አለ። ደብዳቤውን ይዛችሁ እዚያ ሂዱ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ በስልክ እንዲገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተገኘ ደች የሚችል ጎልማሳ ጎረቤት ለምኑ። የዲጂዲውን ቁጥር ዛሬውኑ ቀይሩ፤ ልጁ አይወቀው። በግሩፕ 8 ስብሰባ ቀን ልጁ ስለ ራሱ ይናገር፤ ስለ እናንተ የሚናገር ግን ሌላ ጎልማሳ ይሁን።