ሌሊት ተራውን የሚያስከብረው

በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በጊራና ወንዞች ዳር፣ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ውሃ የሚያገኘው በተራ ነው። ተራው ሌሊት የሚደርሰው አለ። የላይኛው ባለማሳ በጨለማ ቦዩን በጥቂት አካፋ አፈር ቢዘጋ የታችኛው ጎረቤቱ የሚያውቀው ሲነጋ ነው። ፖሊስ ቦይ ዳር አያድርም። ታዲያ ተራው በተከበረበት ሌሊት ያስከበረው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ አንድ የትምህርት ዘርፍ ብቻውን ሲይዘው ያመልጠዋል። የሕግ ባለሙያው አዋጅ ቁጥር 841/2006ን ይገልጣል፤ አዋጁ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት እንዴት እንደሚቋቋሙ ይደነግጋል። መሐንዲሱ ከጠለፋው ወደ ቦዩ የሚገባውን ውሃ ይለካል። የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ከስርቆቱ የሚገኘውን ትርፍ ከቅጣቱ ጋር ያነጻጽራል። አንትሮፖሎጂስቱ የውሃ አባቱን፣ ማለትም ተራውን የሚያከፋፍለውን ሰው፣ ማን እንደመረጠው ይጠይቃል። አራቱም የያዙት እውነት ነው። አራቱን ጥናቶች በአንድ ጥራዝ ብናስራቸው ግን ሌሊት ብቻውን የቆመው ሰው አካፋውን ለምን እንደማያነሳ ገና አልነገሩንም።

እኔ የማምንበት መልስ ከቦዩ ርቆ፣ መቃብር ዳር ይገኛል። በወሎ ቅሬ አለ። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ሬሳ የሚሸከመው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ቅሬው ነው፤ በብዙ ቦታ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድነት ይይዛል። አጥፊን ይቀጣል፤ ቅጣቱን እምቢ ያለውን ያገልላል። የተገለለ ሰው እሳት እንኳ የሚያጫጭረው አያገኝም። ዛሬ ሌሊት የጎረቤቱን ውሃ የሚሰርቅ ሰው ነገ እናቱ ስትሞት ትከሻ የሚሰጡት እነዚያው ጎረቤቶቹ ናቸው። የውሃው ደንብ ጉልበቱን ከቀብሩ ደንብ ይበደራል። ውሃን ብቻ የሚያጠና ሰው ይህን ብድር አያየውም፤ ቀብርን ብቻ የሚያጠናም እንዲሁ።

ሳሊ ፎክ ሙር ይህን ዓይነቱን ነገር በሌላ አገር አይታለች። ሕግ ተምራ በኋላ አንትሮፖሎጂስት የሆነች አሜሪካዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመችው ጽሑፍ የኪሊማንጃሮን የቻጋ ገበሬዎችና የኒው ዮርክን ልብስ ሰፊ ድርጅቶች ጎን ለጎን አቁማ ተመለከተች። ከመንግሥት የሚወጣ ሕግ የራሱ ደንብና የራሱ ማስገደጃ ባለው ማኅበራዊ መስክ ውስጥ እንደሚወድቅ፣ መስኩም ሕጉን እንደሚያጎብጠው አሳየች። ጠበቃም የመስክ ተመራማሪም ሆና ባታስብ ኖሮ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ሥር ማምጣቷ ያጠራጥረኛል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከዚህ በተቃራኒው ቆሟል። ረቂቁን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ረኔ ዳቪድ ነው። አንቀጽ 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረውን የጽሑፍም የልማድም ደንብ ባንድ ዓረፍተ ነገር ሻረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለልማድና ለሃይማኖት ዳኝነት በር ቢከፍትም፣ በሩ ለግልና ለቤተሰብ ክርክር፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። የቦይ ጠብ ከዚያ ውጭ ነው። ያም ሆኖ ሽማግሌዎች ስለ ቦይ ጠብ መቀመጣቸውን አላቆሙም። ወረቀት ደንብን ሊሽር ይችላል፤ ቀብርን ግን ሊሽር አይችልም።

እዚህ ላይ ብቆም ግን ልማድን ያለ አግባብ ማሞገስ ይሆንብኛል። ቅርበት ይጨቁናልም። ዳኛው የከሳሿ ባል ወንድም ሲሆን፣ ምስክሩ የጡት ልጁ ሲሆን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋ ከቦዩ መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ሰላም የሚባለው ብዙ ጊዜ የእሷ ዝምታ ነው። መሬቷን ለእኩል ያረሰላት ሰው ከዳኞቹ ጋር ይውላል፤ እሷ ግን ሸንጎው ላይ ድምፅ የላትም። ሩቅ ያለ ሕግ ለዚህች ሴት ዋጋ አለው፤ እሷንም ዳኞቿንም አያውቅምና። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይዟል። ያን ፎቶ የለጠፈው የመንደር ሽማግሌ አልነበረም፤ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው።

ስለዚህ የመስኖ ማኅበር ሲመዘገብና ኮሚቴ ሲመረጥ ከሁለት ነገር አንዱ ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው ከቅሬው ተነጥሎ ከቆመ የሚያስገድድበት ጉልበት ይጎድለዋል። ከቅሬው ጋር አንድ ከሆነ ደግሞ ያቺ ሴት አቤት የምትልበት ሁለተኛ ደጅ ይዘጋባታል። የቱ እንደሆነ ከአዋጁ ንባብ አይታወቅም፤ ከውሃው ልክም አይታወቅም።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ እዚያው መርሳ ላይ የግብርና ካምፓስ አለው። የአፈርና የውሃ ተመራማሪው፣ የሕግ መምህሩና የኅብረተሰብ አጥኚው አብረው ወደ ቦዩ ቢወርዱ፣ ከቦዩ መጨረሻ ካለችው ባለማሳ እንዲጀምሩ እመኛለሁ። ውሃዋ ሲሰረቅ ለማን ትናገራለች? ወረዳ ድረስ ሄዳ ከከሰሰችና ከተፈረደላት በኋላስ በቅሬዋ ውስጥ እንደ ቀድሞው ትኖራለች?