ተማሪ በዕረፍቱ ወራት ወደ ሙዚቃ ድግስ ሊሄድ ይገባዋልን?

ሰው አራት ባሕርያተ ሥጋና ሦስት ባሕርያተ ነፍስ ተዋሕደውለት የተፈጠረ ስለ ሆነ፣ ሥጋው ዕረፍትን ይሻል፣ ነፍሱም ደስታን ትሻለች። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በትምህርት የደከመ ወጣት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ደስ የሚያሰኘውን ነገር ቢፈልግ የሚነቀፍ አይደለም። የሚመረመረው ደስታውን የሚፈልግበት ስፍራና መንገድ ነው።

በነቀምቴ ከተማ፣ በጨለለቂም ሆነ በሌላው ሰፈር የሚኖሩ ተማሪዎች፣ ሰኔ አልፎ የክረምቱ ዕረፍት ሲገባ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ባንድ በሕዝብ ፊት ወደሚጫወትበት ድግስ ገንዘብ ከፍሎ መግባት ኃጢአት ነውን?» የሚል ነው። ከወላጆች ብዙዎቹ «አዎ» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። ነገር ግን ምክንያቱ ያልተነገረ ክልከላ ልጁን ተደብቆ መሄድን ያስተምረዋል እንጂ ከስፍራው አያስቀረውም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ዜማ በራሱ ክፉ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከበሮና ጸናጽል፣ መቋሚያና በገና ያላት፣ በ6ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ቅዱስ ያሬድም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉ ስልቶች ያስጌጣት ናት። ዳዊትም ክፉ መንፈስ ሳኦልን ባስጨነቀው ጊዜ በገና እየደረደረ ያሳርፈው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለውም ዜማ ሁሉ ከንቱ አይደለም። በ1950ዎቹ በድሬ ዳዋ በአፍረን ቀሎ ቡድን ውስጥ መዝፈን የጀመሩት አሊ ቢራ፣ በ2015 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የኦሮምኛን ቃል በዜማ ጠብቀው ለትውልድ ያደረሱ ሰው ነበሩ። መሣሪያም ከባዕድ አገር ስለ መጣ ብቻ አይኰነንም፤ ጃኖ ባንድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ የሮክን ጊታር ከአገራችን ቅኝት ጋር አስማምቶ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ፣ በአማርኛው «ዘፋኝነት» ተብሎ የተተረጐመውን ነገር ከሥጋ ሥራዎች ጋር፣ ከስካር አጠገብ ይቈጥረዋል። የጽርዑ ቃል «ኮሞስ» ሲሆን፣ ከመጠጥ ጋር በሌሊት እየጮኹ መፈንጠዝ ማለት ነው። እንግዲህ የተነቀፈው አእምሮን ጥሎ ለሥጋ ፈቃድ መለቀቅ ነው።

ተማሪው ግን ይህን ሰምቶ ነገሩ ያለቀ አይምሰለው። ዘፈንን በቤቱ የሚሰማ ሰው ያልወደደውን ይዘጋል፤ በሺህ ሰው መካከል የቆመ ግን ሰው ሲዘል ይዘላል፣ ሰው ሲጮህ ይጮሃል፤ ብቻውን ቢሆን ሊናገረው የሚያፍርበትን ቃል ከብዙዎች ጋር ይደግማል። ልባዊት የተባለችው፣ ክፉና በጎን የምትለየው የነፍስ ባሕርይ፣ ለጥቂት ሰዓት ሥራዋን ለሌሎች ትተዋለች።

የቅዱስ ያሬድ ታሪክ በዚህ ላይ ብዙ ያስተምረናል። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በጦሩ ጫፍ የያሬድን እግር ወጋው፤ ደሙ እየፈሰሰም ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ዜማ ይህን ያህል ኃይል አለው። ያሬድን የወሰደው የእግዚአብሔር ምስጋና ስለ ነበረ፣ የተጐዳው እግሩ ብቻ ነው። በሌላ ስፍራ ራሱን የረሳ ወጣት ግን፣ ዜማው ሲያበቃ ጦሩ የት እንደ ተተከለ ይመርምር፤ ክብሩ ላይ ነውን? ጤናው ላይ ነውን? ወይስ የወላጆቹ እምነት ላይ?

«በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን አፉ እየዘመረ ልቡ ሌላ ስፍራ የሚውል ሰው አለ» የሚል ወጣት ይኖራል። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለው ዘማሪም ከወቀሳ አያመልጥም። ነገር ግን የሌላው ሰው መተኛት የእኔን መስከር ጽድቅ አያደርገውም።

ጊዜውንም ማሰብ ይገባል። የክረምቱ ዕረፍት ፆመ ፍልሰታ የሚገኝበት፣ ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል የሚከበርበት፣ ብላቴኖች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞሩበት ወራት ነው። በወለጋ ገጠርም ገበሬው በዝናብና በጭቃ በእርሻው ላይ የሚደክምበት ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመኪናው፣ የማደሪያውና የመግቢያው ዋጋ ሲደመር ከበቆሎው ወይም ከቡናው ሽያጭ የተረፈው ሊሆን ይችላል። አባት ለደብተር ብሎ የሰጠውን ለድግስ ማዋል፣ ዘፈኑ ምንም ንጹሕ ቢሆን፣ ሐሰትና ግፍ ነው።

ለወላጆችና ለካህናትም የሚነገር አለ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ399 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ፣ ሕዝቡ በዕለተ ዓርብ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም፣ በማግሥቱም ወደ ቴአትር በመሄዱ አዝኖ በብርቱ ገሥጾአል። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ለወጣቶች በጻፈው ምክር፣ ፒታጎራስ ሰካራሞችን ባገኘ ጊዜ የዋሽንቱን ነፊ ዜማውን እንዲለውጥ አዝዞ ወደ ልባቸው እንደ መለሳቸው ያወሳል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የሚገሥጽ ሰው የሚተካውንም ይስጥ። በሰንበት ትምህርት ቤት ዜማና ከበሮ፣ በገናና መሰንቆ የሚማርበትን ስፍራ ሳያዘጋጁ ልጁን «አትሂድ» ማለት ብቻ፣ የተራበውን «አትብላ» እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ፣ ልጄ ሆይ፣ ከመሄድህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። የት እንደምውል ለአባቴና ለእናቴ በግልጥ እናገራለሁን? የምከፍለው ገንዘብ በእውነት የእኔ ነውን? በዚያ የሚባለውንና የሚደረገውን ሁሉ ብቻዬን ብሆን እመርጠው ነበርን? ለሦስቱም ያለ ሐሰት «አዎ» የምትል ከሆነ፣ ጾሙንና ሥራህን ጠብቀህ፣ ከስካርም ርቀህ ሂድ፤ በጊዜም ተመለስ። አንዱን እንኳ መመለስ ካፈርህ ግን ቅር፤ ያፈርኸው ልባዊት ነፍስህ ገና ነቅታ ስላለች ነውና፣ አታስተኛት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።