ደቀቀ እንጂ አልጠፋም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤልን በዓል ስናከብር ኅዳርን ማጠን የቆየ ልማዳችን ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ካስጨነቀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ሲነገር ሰምተናል። አባቶቻችን ያጠኑት ግን ገለባ፣ ቅጠልና ጭራሮ ነበር፤ አመዱም ለጓሮ ጎመን ይሆን ነበር።

እኛስ ምን አጠንን? ባለፈው ኅዳር በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የለቀምነውን ሁሉ ከአጥሩ ሥር ከምረን ለኮስነው። አብዛኛው ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጧፍ መጠቅለያና የተቀደደ ማዳበሪያ ነበር። ጭሱ አስለቀሰን፤ ቢሆንም ግቢው ጸዳ ብለን ደስ ብሎን ወደየቤታችን ሄድን። በሐምሌ የወይራ ችግኝ ልንተክል ያንኑ ቦታ ስንቆፍር ቀልጦ የረጋ ጥቁር ጓል ወጣ፤ ከእርሱም ጋር እንደ ጨው የደቀቀ ባለ ብዙ ቀለም ስብርባሪ። አብረውን ይቆፍሩ የነበሩ አንድ አባት በመዳፋቸው ዘግነው አዩትና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ መቼ ነው አፈር የሚሆነው?» አሉን። ዝም አልን።

አፈር የተሰጠውን ሁሉ ተቀብሎ የሚመልስ ነው። እበቱን፣ ቅጠሉን፣ አጥንቱን፣ የእኛንም ሥጋ ይቀበላል። ፕላስቲክ ግን ፀሐይ ሲያደርቀው፣ ማረሻ ሲሰባብረው፣ እሳትም ሳይጨርሰው ሲቀር ይደቃል እንጂ በእኛ ዕድሜ አፈር አይሆንም። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ይህ ስብርባሪ ሲበዛ አፈሩ ውኃ የሚይዝበትን ሁኔታ ይለውጣል፤ ሲመረት የተጨመረበትን ኬሚካልም ይዞ ይገባል። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ብዙ ስብርባሪ በተቀላቀለበት ቅጠል ውስጥ የኖሩ የምድር ትሎች እድገታቸው ቀንሷል፤ የሞቱትም በዝተዋል። በእርግጥ መጠኑ በእርሻ ላይ ከሚገኘው እጅግ የበለጠ ነበር፤ ነገር ግን እኛም በየዓመቱ እየጨመርን ነን።

በቋንቋችን ያለውንም ነገር ልብ በሉ። ከፕላስቲክ ክር የተሠራውን ከረጢት «ማዳበሪያ» እንለዋለን፤ መሬት የሚያዳብረው በውስጡ ይመጣ ስለ ነበር ነው። ስሙ በከረጢቱ ላይ ቀረ። ዛሬ ክሩ እየተበጣጠሰ በማሳው ይበተናል፤ መረሬው በበጋ ሲሰነጠቅም በስንጥቁ ወደ ታች ይወርዳል።

ነገሩ የአንድ አጥር ጉዳይ አይደለም። የሱሉልታ ጎርፍ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ የሰበታው ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በቡራዩ በኩል ደግሞ አዲስ አበባ የምትጠጣው የገፈርሳ ውኃ አለ። በሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ የሚያጭዱ ገበሬዎችም ከሣሩ መካከል ፌስታል ይለቅማሉ፤ ያልለቀሙትን ላሟ ትበላዋለች፤ በጨጓራዋም ይቀራል።

በቅዳሴ ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬና ስለ ወንዞች ውኃ ሲጸለይ አብረን እንጸልያለን። ከዚያም ወጥተን በዚያችው ምድር ላይ የማይበሰብስ ነገር እንቀብራለን። ኃጢአትንም እንዲሁ አድርገን የምናስተናግድ ይመስለናል፤ ከፋፍለን፣ አድቅቀን፣ ዓይን እንዳያየው አድርገን ጠፋ እንላለን። አዳም ግን ከምድር አፈር ተበጅቶ በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንጂ ጥፋቱን ሊሸሽግባት አልነበረም።

ሕግ የለም እንዳንል፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን የሚመለከት ክልከላ ነበረው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ዐዋጅ አጽድቋል። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ግን ሕግ አስከባሪ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ቦታ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ተነጋግረን ለሚመጣው ኅዳር ቅጠሉንና ጭራሮውን ብቻ ልናጥን ወስነናል። ጠርሙሱን ለቆራሌው እንሰጣለን፤ የንግሥ ዳቦም በፌስታል ሳይሆን በመሶብና በዘንቢል ይቀርባል። ቆራሌው የማይወስደው ስስ ፌስታል ምን ይደረግ በሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም፤ አሳብ ያላችሁ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንገሩን።

የቆፈርነውን አፈር በወንፊት ነፍተን መልሰነዋል። ሦስት ቀን ፈጀብን፤ ከወንፊቱ ያመለጠውም ብዙ ነው። ወይራው ግን ተተክሏል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።