ገመዷን የበጠሰች ሳቅ

ልጄ፣ ሠርተህ ያሳየኸኝን ፊልም እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ሁለት የመርካቶ ጓደኛሞች፣ አንዱ ዱባይ ተራ ልብስ ሻጭ፣ ሌላው ምናለሽ ተራ ብረታ ብረት የሚገዛ የሚሸጥ፣ በአንድ ሌሊት የማይሠሩት ነውር የለም። የጠራሁህ ብልግናውን ቆጥሬ ልቆጣህ አይደለም። ለምን እንዳላሳቀ ልንገርህ ብዬ ነው።

«አበሻ ጨዋ ነው፣ እንዲህ ያለ ቀልድ አይወድም» የሚሉህን አትስማቸው። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ስንቱ ሽማግሌ ፊት የማይነገር ነው! ግን ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ከአፍ አፍ ሲቀባበል ኖረ። አለቃ የቅኔ ሰው ነበሩ። ሰሙን ያስይዙሃል፣ ወርቁን አንተው ትቆፍራለህ። ነውሩን ያገኘኸው ራስህ ስለሆንክ መጀመሪያ ታፍራለህ፣ ዞር ብለህ ሌላው ገብቶት እንደሆነ ታያለህ፣ ከዚያ ሁለታችሁም መሳቅ ነው። ያንተ ሰዎች ግን ሁሉን ዘርግፈው ተናገሩት። ተመልካቹ የሚቆፍረው አጣ።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። ነውርን የሚያስቅ የሚያደርገው ይሉኝታ ነው፤ ገመዱ እሱ ነው። ፊልምህ ውስጥ አንድም የሚያፍር ሰው የለም። ከሁለቱ አንዱ ራቁቱን በጎጃም በረንዳ ሲሮጥ የሚያየው ማን ነው? እናቱ የሉም፣ የዕቁብ ዳኛው የሉም፣ ሊያጫት የሚፈልጋት ልጅ የለችም። መርካቶን መርጠህ ሳለ ይህን መዝለልህ ነው የቆጨኝ። የዚህ ሰፈር ነጋዴ ሀብቱ ስሙ ነው። ያለ ፊርማ፣ በቃሉ ብቻ ዕቃ በዱቤ ይወስዳል፤ ስሙ ከተበላሸ ነገ ጠዋት የሚያበድረው የለም። እንዲህ ያለ ሰው ሱሪውን ሲያጣ ብዙ ነገር አብሮ ያጣል። ሱሪውን ሳይሆን ዱቤ የሰጠውን ሰው መንገድ ላይ አምጣው፤ ያኔ ልጁ ከካርቶን ክምር ኋላ ተሸጉጦ ድምፁን ሳያሰማ ያስቀናል።

ሌላው ጉድለት ጓደኝነቱ ነው። ለአንድ ሰዓት ተኩል ይሰዳደባሉ፤ ለምን ጓደኛ እንደሆኑ ግን አልገባኝም። የእኛን ተረብ ልብ ብለህ ስማው። ዕቃ ተሸካሚዎቹ ሥራ ሲቀዘቅዝ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሲተራረቡ ለማያውቃቸው ሊደባደቡ ይመስላል። ግን ሕግ አለው፤ መልስ የማይመልስ ሰው አይተረብም፣ ሐዘን ላይ ያለም አይነካም። እንካ ሰላንቲያም እንዲሁ ነው፤ ስድቡ ቤት መምታት አለበት፣ ተሰዳቢውም ተራ አለው። ሳቁ የሚመጣው ከስድቡ ክብደት ሳይሆን ከመልሱ ፍጥነት ነው። ያንተዎቹ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን አይሰማም፤ ሁለቱም እኩል ባለጌ፣ እኩል ጯሂ። ካልተገላበጠ ያራል።

ቀልደኞቹን ደረጀና ሀብቴን፣ አለባቸውና ልመንህን የዚህ አገር ሰው እስከ ዛሬ ስማቸውን ነጥሎ አይጠራም። ሁለት ሆነው ሲሠሩ አንዱ የሚያነሳውን ሌላው ስለሚቀበለው ነው። ከውጭም ከፈለግህ በፈረንጆች 1932 የተሠራውን የሎሬልና ሃርዲን «ዘ ሚውዚክ ቦክስ» ፈልገህ እይ። ሁለት ሰዎች በሳጥን የታሸገ ፒያኖ ረጅም ደረጃ ያወጣሉ፤ ይንሸራተትባቸዋል፤ እንደገና ያወጣሉ። በመከራ ጫፍ ከደረሱ በኋላ ፖስተኛው ዞሮ የሚመጣ የመኪና መንገድ እንዳለ ይነግራቸዋል። ምን አደረጉ መሰለህ? ፒያኖውን ተሸክመው መልሰው አወረዱትና በመንገዱ አመጡት! አንድም ነውር የለበትም፣ ኦስካር ግን አግኝቷል። ሸክም የሚያውቅ የመርካቶ ሰው ቢያየው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ሁለቱ ሰዎች ሥራውን ከልባቸው ይዘውታልና።

አንተ ልትመስለው የሞከርከውን «ዘ ሀንግኦቨር»ን ልጆቼ አሳይተውኛል። በፈረንጆች 2009 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ስካርና ጸያፍ ነገር ሞልቶታል፤ ሆኖም ሙሽራው ጠፍቷል፣ ሠርጉ ደርሷል፣ ጓደኞቹ ካላገኙት ጉድ ሊፈላ ነው። ያ ጭንቀት ነው ፊልሙን የተሸከመው። ሁለት ዓመት ቆይተው ያንኑ ታሪክ ወደ ባንኮክ ወስደው ሲደግሙት ጸያፉ ጨመረ፣ ሳቁ ቀነሰ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ራቁቱን የሚሮጥበትን ትዕይንት አትጣለው፣ ግን ወደ ኋላ ውሰደው። መጀመሪያ ያ የዱባይ ተራው ልጅ ዕቁብ ደርሶት ብሩን ለጓደኛው በአደራ ሲሰጥ አሳየን፤ ለምን ከወንድሙ ይልቅ ለእሱ እንደሰጠው አስረዳን። ብሩ ሌሊቱን ይጥፋ። ጓደኛው መጥፋቱን እየደበቀ ሲፈልግ፣ ባለብሩ ደግሞ እንዳወቀ ሳይናገር ሲያፋልገው ጻፈው። የስድቡን ንግግር ግማሹን ሰርዝና አዲሱን ለኔ ሳይሆን አውቶቡስ ተራ ላሉት ተረበኞች አንብብላቸው፤ የት ላይ ዝም እንደሚሉ ምልክት አድርግና ረቂቁን ይዘህ ና።