ወንበሩ አልቦ የሆነ ዕለት

ልጄ፣ ለጥምቀት መጥተሽ እሳት ዳር ስትቀመጪ ፊትሽ ጠቁሮ ነበር። «አባባ፣ ኮምፒውተር መማር እፈልጋለሁ፤ ግን ከምነካው የምሸመድደው ይበልጣል» አልሽኝ። ትምህርት ቤት መብራት ይሄዳል፣ ሲመጣም በአንድ መሣሪያ ላይ አምስት ሆናችሁ ትጋፋላችሁ። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም፤ ድንቹ እያረረ ስለነበር ነው።

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ተረት ጉረኛን ለመገሠጽ ያመጣዋል። እኔ ግን በቁሙ ነው የምወስደው። በቆሎ ተማሪነቴ ባሕረ ሐሳብን፣ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ስቆጥር መጽሐፍም ወረቀትም አልነበረኝም፤ የጣቴ አንጓና የየኔታ ድምፅ ብቻ። አንቺ «አልጎሪዝም» የምትዪውን ነገር ስታስረጂኝ የሳቅሁትም ለዚህ ነው። ስሙ እንግዳ ሆነብኝ እንጂ ሰውዬውን አውቀዋለሁ።

በዚያው ጥምቀት ምጣዱ አጠገብ የ2018ን ፋሲካ ያሰላነውን አስታውሺ። በ5500 ላይ 2018 ስንደምር ዓመተ ዓለሙ 7518 ሆነ። በ19 ስንገድፈው 13 ተረፈ፤ አንዱን ስንቀንስ ወንበሩ 12። ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፍ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፍ መጥቅዑ 18 ወጣ። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ አንድ ቦታ ተሳስተሻል ማለት ነው፤ ሊቃውንቱ ስሕተት መያዣውን እዚያው ሒሳቡ ውስጥ ነው የሰፉት። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25፣ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። 9 ጨምረሽ 30ውን ስትገድፊ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ይህን ሁሉ የሠራነው መብራት በጠፋበት ቤት ነው። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ የሚጠፋ እንዳይመስልሽ። መሣሪያው የሚያፈጥነው አንቺ አስቀድመሽ በልብሽ የሰደርሽውን ነው፤ ያልሰደርሽውንም እንዲሁ ያፈጥነዋል፣ መጥፎነቱ እዚህ ላይ ነው።

ለፋሲካ ስትመለሺ ያንኑ ስሌት በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፈሽ በስልክሽ አሳየሽኝ። 2018 ስትዪው ሚያዝያ 4 አለ፤ ዘለልሽ። እኔ ክፉ ሽማግሌ ነኝና «እስቲ 2006ን ስጪው» አልኩሽ። መጥቅዕ ጥቅምት 0 ብሎ ቁጭ! ጥቅምት 0 የሚባል ቀን የትም አገር የለም። የዚያ ዓመት ወንበር አልቦ፣ ማለትም 0 ነው፤ ወንበር አልቦ ሲሆን መጥቅዕ 30 ይባላል፣ በመስከረምም ይውላል። እኔ ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው እንዳትዪ፣ ነግሬሽ ነበር፤ አንቺ ግን ቸኩለሽ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ያን ዕለት ግን ያዘንኩብሽ በስሕተትሽ አይደለም። ወዲያው ለዚያ ፕሮግራም ለሚጽፍላችሁ ማሽን «አስተካክልልኝ» ልትዪ ስልክሽን መነካካት ስትጀምሪ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ርብና ጉማራ ፎገራ ሜዳ ላይ ደፍርሰው ያየ ሰው እዚያው ቆሞ ውሃውን ቢያጠልል ዕድሜው ያልቃል፤ ወደ ጉና መውጣት አለበት። አንቺም ከመጨረሻው መስመር ወደ ላይ ውጪ፤ ፋሲካው ለምን ተሳሳተ፣ መጥቅዑ ለምን 0 ሆነ፣ ወንበሩ ስንት ነበር እያልሽ። የኔታ ስሳሳት አርመውኝ አያውቁም፤ «ተመለስ» ብቻ ይሉኝ ነበር። እንዴት እጠላቸው እንደነበር!

የሰው ወርቅ አያደምቅ። ከከተማሽ ከደብረ ታቦር ትንሽ ወጣ ብሎ ያለውን ጋፋትን ታውቂዋለሽ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን እዚያ አስቀምጠው ሴባስቶፖልን አሠሩ፤ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ ነው። በ1860 ዓ.ም በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፣ ዛሬም እዚያው አለ። የጋፋት ምድጃ ግን ከንጉሡ ጋር ጠፋ። ስለ ንጉሡ ክፉ አልናገርም፤ ቁጭታቸው የኔም ቁጭት ነው። መድፉን ማግኘትና ማቅለጡን ማወቅ ሁለት ነገር መሆኑን ግን ከሌላ አገር ታሪክ መፈለግ የለብሽም። ማሽኑ የጻፈልሽን አንቺ መስመር በመስመር ማስረዳት ካልቻልሽ መድፉ በእጅሽ ነው፣ ምድጃው ሌላ ቤት ነው።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። በኛ ጊዜ ድጓን ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ የተክሌን አቋቋም ለመማር ደብረ ታቦር ይኬድ ነበር፤ በእግር፣ ውሻ እየተከላከልን። አንቺ ዩኒቨርሲቲው ደጅሽ ላይ ነው። ኮምፒውተር የሚማሩትን ልጆች «ይህን አሳዩኝ» ብትዪ የሚያሳፍርሽ የለም። «ሴት ናት» የሚል ካለም ሂዶ የ2006ን መጥቅዕ ያውጣ።

ሌላም ላሳይሽ። ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ የተሰለፈው እንደ ገበታችን ነው። በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዩኒኮድ ሲያስገባው ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624 ተሰጣቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ቦታ ነው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤት፣ ስምንተኛው እንደ ሏ ላሉት። ስለዚህ ከለ ወደ ሉ ለመሄድ አንድ መደመር ነው፤ ከለ ወደ ሐ ስምንት። በልጅነትሽ በጣትሽ እየጠቆምሽ ያወረድሽው ሁሉ ሒሳብ ሆኖ ይጠብቅሻል።

አሁን ሥራ ልስጥሽ። ባሕረ ሐሳብ በ532 ዓመት ዞሮ ይገጥማል፤ ዓቢይ ቀመር ይሉታል። ያስተካከልሽውን ፕሮግራም 532ቱንም ዓመት አስወጪው። እኔ በጣቴ የፈለግሁትን ዓመት እጠራለሁ፣ አንቺ በስልክሽ ትመልሻለሽ። ለግንቦት ልደታ ነይ፤ ባትሪውን ግን ከተማ ሞልተሽ ነው የምትመጪው፣ እዚህ መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው።